ፈረሱን ያላየው ድንኳን

የከተማችን ሰው ፎቶ ሲነሳ ይሞታል። እያጋነንኩ አይደለም፤ ጋዜጠኛ ነኝ፣ የምጽፈው ያየሁትን ነው። ከፒያሳ ፎቶ ቤቶች በአንዱ መስኮት ፊት ለአፍታ ቁሙና የተደረደሩትን ምስሎች ተመልከቱ። ቀኝ እጅ ጉልበት ላይ፣ ግራ እጅ ጉልበት ላይ፣ አንገት ቀጥ፣ ዐይን ፍጥጥ። ከጀርባቸው ሸራ ላይ የተሳለ ሐይቅ አለ፤ ከሰዎቹ ይልቅ ሐይቁ ሕይወት ያለው ይመስላል። አንዳንዶቹን በአካል አውቃቸዋለሁ። አንደኛው ወርቅ ሠሪ ነው፤ ሲስቅ የሱቁ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ሌላዋ ቡና ቤት ያላቸው ወይዘሮ ናቸው፤ አፋቸው ከጧት እስከ ማታ አርፎ አያውቅም። መስኮቱ ውስጥ ግን ሁለቱም ፍርድ የሚጠብቁ እስረኞች ሆነው ተቀምጠዋል።

ምክንያቱን ጠይቄ ያገኘሁት መልስ ሁሌ አንድ ነው፦ «ፎቶ እኮ ይቀራል።» እውነት ነው፣ ይቀራል። ስለዚህ ሰዉ የዘወትር ፊቱን እቤቱ ያስቀምጥና ለሚቀረው ነገር የማያውቀውን ፊት ይዞ ይሄዳል። አትሳቁ። የራሳችሁን የሠርግ ፎቶ ከግድግዳው ላይ አውርዳችሁ እዩትና ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

እንግዲህ በዚህ ከተማ መሀል «እኔ ማንሳት የምፈልገው ሰው ኑሮውን ሲኖር ነው» የምትል ሴት ብቅ አለች ብላችሁ አስቡ።

አስካለ ትባላለች። አባቷ ከጉራጌ አገር መጥተው አራዳ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። እሷ ሁላችንም «ሙሴ» እያልን በምንጠራቸው አንድ አርመናዊ ሽማግሌ ፎቶ ቤት፣ በጓሮው ክፍል ነበር የምትሠራው። ሥራዋ በቀጭን እርሳስ የሰው ፊት ማሳመር ነው፤ የፈንጣጣውን ጠባሳ ትሞላለች፣ የግንባሩን መስመር ታጠፋለች፣ ያበጠውን ጉንጭ ታሟሽሻለች። ልጁን ሊድር ያሰበ አባት ከአማላጆቹ በፊት እሷ ዘንድ ይመጣ ነበር። የሷ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። «ጋሼ፣» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ሳጠፋ ነው የምውለው። ምናለ አንድ ቀን እንኳ አንድ ፊት ብይዝ!»

በዚያው ሰሞን የእኛ ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ይፈልግ ስለነበር ወደ አዘጋጃችን ወደ አቶ ታፈሰ ወሰድኳት። አቶ ታፈሰ መልካም ሰው ነው። ነገር ግን ከዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ሰው ሲያዛጉ የሚያሳይ ፎቶ አሳትሞ ከሥራው ሊባረር ምንም አልቀረውም ነበርና ከዚያን ቀን ወዲህ ለፎቶ አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው፦ ዐይን የተከፈተ፣ አፍ የተዘጋ፣ ቁልፍ የተቆለፈ።

«ጃን ሜዳ የፈረስ ዝላይ ትርኢት አለ፣» አላት። «ድንኳን ውስጥ የሚቀመጡትን እንግዶች በሙሉ በዚህ ሕግ ካመጣሽልኝ ሥራው ያንቺ ነው። አንድ ሰው ካዛጋ ግን ወደ እርሳስሽ ትመለሻለሽ።»

«ፈረሱስ?» አለች።

«ፈረስ ጋዜጣ አያነብም።»

አስካለ ግን በገዛ ገንዘቧ ትንሽዬ ካሜራ የገዛችው ድንኳን ለማንሳት አልነበረም። ፈረሱን አየር ላይ ነበር የፈለገችው። እንግዶቹን ካላመጣች ሥራው የለም፤ ፈረሱን ካላመጣች ደግሞ ሥራውን ማግኘቷ ትርጉም የለውም። እጇን ለማፍታታት ብላ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሙዚቃ ወዳለበት ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

ዘፋኙ ነጭ ኮት የለበሰ፣ ትከሻው አጥንት የሌለው የሚመስል ጎረምሳ ነው። አዳራሹ ሞቋል። አስካለ ካሜራዋን አነሳች። ዘፋኙ በዜማው መሀል፣ በቃሉ እኩሌታ ላይ ቀጥ አለ። ትራምፔት ነፊው መሣሪያውን እንደ ጠብመንጃ ደረቱ ላይ አደረገ። ከበሮ መቺው ዘንጎቹን ጭኑ ላይ አጋደማቸው። ከኋላ አንድ የአራዳ ልጅ «ኧረ ወንድሜ፣ የገባነው ዝምታ ልናዳምጥ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ ሌንሱ ወደሱ ሲዞር ግን ክራቫቱን አስተካክሎ እሱም ሐውልት ሆነ። አዳራሹ ፀጥ አለ።

«ጨረስሽ እህቴ?» አለ ዘፋኙ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ጨርሻለሁ።»

ከቆመበት ቃል እኩሌታ ላይ ተነስቶ ቀጠለ። አንዲት ፊደል አልጣለም። ለሙያው ያለኝን አክብሮት በዚህ አጋጣሚ እገልጻለሁ።

በሳምንቱ መሀል ፈረሰኞቹ ሲለማመዱ ጃን ሜዳ ወረድን። ከሁሉ ይበልጣል የሚባለው የመቶ አለቃ በላይ ነው፤ ፈረሱ ዳማ ይባላል። ዳማ ወደ መሰናክሉ እየበረረ መጣ። የመቶ አለቃው ካሜራዋን አየ። ወገቡን አቀና፣ ልጓሙን ሳብ አደረገ፣ እጁን ወደ ባርኔጣው አንስቶ ሰላምታ ሰጠ። ልዝለል ወይስ ልቁም ብሎ ግራ የተጋባው ዳማ አግዳሚውን እንጨት በደረቱ ይዞት ሄደ።

«ምነው የመቶ አለቃ?» አልኩት ከመሬት ሲነሳ።

«ፊቴ ጥሩ ሆኖ እንዲወጣላት ብዬ ነዋ!» አለ ሱሪውን እያራገፈ።

ከአስካለ ጋር እስከ አራት ኪሎ ድረስ በእግራችን ተመለስን። እዚያ ስንደርስ በድንገት ቆመች። «ሰው የሚደርቀው ካሜራ ሲያይ ነው አይደል? እንግዲያው የሚደርቁለት ሌላ ካሜራ እሰጣቸዋለሁ።»

ሌላው ካሜራ ሙሴ ጓዳ ውስጥ አቧራ ለብሶ የቆመው ሣጥን ነበር፤ ሦስት እግር፣ ትልቅ የነሐስ ሌንስ፣ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ። ፎቶ ማንሳት ካቆመ ቆይቷል።

«አስካለ፣» አሉ ሙሴ፣ «ሬሳ ተሸክመሽ ወዴት ነው?»

«ወደ ሠርግ ነው ሙሴ።»

«ከጨርቁ ሥር የሚገባውስ ማነው?» አልኩ እኔ። ጠይቄ ሳልጨርስ መልሱ ገባኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ኮት አለዎት፣ ባርኔጣ አለዎት፣ ድምፅዎም ያስፈራል። እኔን ማን ያየኛል? ዕቃ ያዥዎ ናት ነው የሚሉት።»

ደስ የሚል ነገር አይደለም፤ ነገር ግን እውነት ነበር። ከእውነት ጋር ደግሞ አልጣላም።

የትርኢቱ ዕለት ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ቢሆንም ሜዳው ገና አልደረቀም። ድንኳኑ ሞልቷል። ከፊት መሀል ላይ የትርኢቱ ሰብሳቢ፣ አንድ ሽማግሌ ፊታውራሪ፣ ከኮታቸው በላይ ነጭ ኩታ ደርበው ተቀምጠዋል። ከድንኳኑ ፊት ለፊት የመጨረሻው መሰናክል አለ። እኔ ከመሰናክሉ ማዶ፣ ፊቱን ወደ ድንኳኑ አድርጌ ሬሳውን ተከልኩት። ጎኔ ላይ አስካለ ሣሩ ላይ ተንበርክካ ትንሿን ካሜራ ነጠላዋ ሥር ደብቃለች። የዳማ ተራ ሲደርስ ባርኔጣዬን አንስቼ «ክቡራንና ክቡራት፣ እንዳይነቃነቁ!» አልኩና ከጨርቁ ሥር ገባሁ።

ድንኳኑ ደረቀ።

እንዲህ ያለ ካሜራ ውስጥ ገብታችሁ የማታውቁ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ፎቶ ባያነሳም ከኋላው ባለው መስታወት ላይ ያለው ምስል ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው። ያገሩን ሹማምንትና ባለጸጎች በሙሉ ጭንቅላታቸው ወደ ታች፣ ጫማቸው ወደ ሰማይ ሆኖ አየኋቸው። ለጋዜጠኛ በየቀኑ የማይፈቀድ እይታ ነው። በረጋ መንፈስ ተመለከትኩ።

ከዚያ የዳማ ኮቴ ተሰማ። የመቶ አለቃ በላይ ቀና ሲል ትልቁን ካሜራ አየ። የተደገነው ግን በሱ ላይ አልነበረም፤ በታላላቆቹ ላይ ነበር፤ እሱ ደግሞ በመሀል ሊያቋርጥ ነው። መመለስ አይችልም። በታላላቆች ፊት ደረቱን ነፍቶ ማለፍም በቤቱ ያልተማረው ነገር ነው። ስለዚህ እናንተም እኔም በትልቅ ሰው ፊት ስናልፍ የምናደርገውን አደረገ። ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው አንገቱን ሰብሮ ጋማው ላይ ድፍት አለ።

ፈረስ ግልቢያ የሚያስተምሩት የውጭ አገር ሰው በኋላ እንደነገሩኝ ከሆነ ፈረስ ሲዘል ጋላቢው ማድረግ ያለበት ልክ ይህንኑ ነው። ዓመት ሙሉ «ጎንበስ በል» እያሉት እምቢ ብሏቸው ኖሯል። ዳማ ጀርባው ላይ ያለው ሸክም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለለውና ከመሬት ተነሳ። እኔ መስታወቴ ላይ ያየሁት አንድ ፈረስ በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ ላይ ሲያልፍ ነው። ጎኔ ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሜዳው በጩኸትና በጭብጨባ ተናጋ።

ከጨርቁ ወጥቼ «አበቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ስል ድንኳኑ ተነፈሰ። ጭብጨባው የእነሱ መስሏቸው እጅ የነሱም ነበሩ።

በማግስቱ ፎቶው አቶ ታፈሰ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ዳማ አራት እግሩም አየር ላይ ነው፤ የመቶ አለቃው ከጋማው ጋር ተሰፍቷል። ከፈረሱ ሆድ ሥርና ከጋማው በላይ ድንኳኑ በሙሉ ይታያል፤ ሁሉም ቀጥ ብለው፣ ሁሉም ፍጥጥ ብለው፣ በፊታቸው ፈረስ ቀርቶ ዝንብ ያለ እንኳ ሳይመስሉ ተቀምጠዋል። አቶ ታፈሰ ጣቱን በእያንዳንዱ ፊት ላይ አስኬደ። «ዐይን... ተከፍቷል። አፍ... ተዘግቷል። ቁልፍ...» ላቡን ጠረገ። «ተቆልፏል። ይሄ ፈረስ ግን ምን ይሁን? ፊታውራሪ ሳያዩት አላትምም።»

ፊታውራሪው ራሳቸው መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ አዩት።

«እኔ አለሁ። በሚገባ አለሁ። ይህ ፈረስ ግን አልነበረም።»

«ነበረ፣ ጌታዬ፣» አልኩ።

«እዚያው ተቀምጬ! በፊቴ ፈረስ ሲበር አላይም? አንድ ጥላ ነገር አልፏል፤ ደመና ነው።» ወደ አስካለ ዞሩ። «አንቺ ያቺ ሙሴ ቤት ጠባሳ የምታጠፊው አይደለሽም?»

«ነኝ፣ ጌታዬ።»

«የሚያጠፋ እጅ መጨመር ያቅተዋል? ሥለሽዋል!»

የአቶ ታፈሰ ፊት ተለወጠ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ቢጠየቅ የሚሰጠው ምስክርነት ይኸው ነው፤ ሁሉም ቦታው ላይ ነበሩ፣ አንድም ያየ የለም። እኔስ? እኔ ያየሁት ፈረስ በጀርባው ነበር የሚሄደው። እንዲህ ያለ ምስክር እኔ ራሴም አልቀበልም። አስካለ ለዓመታት የሰው ፊት ያሳመረችበት እጅ አሁን በገዛ ፎቶዋ ላይ መሰከረባት፤ ሥራውም በዐይኔ እያየሁ ከእጇ እየወጣ ነበር።

እሷ አልተከራከረችም። ከቦርሳዋ ማጉያ መስታወት አውጥታ ፎቶው ላይ አስቀመጠች። «ጌታዬ፣ ከዳማ የኋላ ኮቴ ተፈናጥሮ የወጣው ይሄ ጥቁር ነገር ምንድነው?»

ፊታውራሪው ጎንበስ አሉ። «ጭቃ ይመስላል።»

«ወዴት እየሄደ ነው?»

«ወደ...» መስታወቱን በእጃቸው ይዘው አንዴ ጭቃውን፣ አንዴ የራሳቸውን ምስል አዩ። «ወደ ኩታዬ ነው።»

«ያን ቀን ኩታዎ ላይ ጭቃ አልነበረም?»

«ነበረ እንጂ! እዚህ ትከሻዬ ላይ! ኩታዬን አቆሸሽክ ብዬ አሽከሬን ስቆጣው ነው ያመሸሁት!»

ፊታውራሪው ቀስ ብለው ቀና አሉ። አሁን ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ላይ ሌላ ነገር ሲበራ አየሁ።

«እንግዲያው ይሄ ፈረስ በፊቴ ሲዘል... ጭቃውም ሲመታኝ... እኔ አልተነቃነቅሁም?»

«አልተነቃነቁም፣ ጌታዬ።»

«ዐይኔንስ አልጨፈንኩም?»

«ይኸው፣ ፍጥጥ ብለዋል።»

ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ታፈሰ! ፈረስ እየዘለለበት፣ ጭቃ እየወረደበት ዐይኑን ያልጨፈነ ሰው ባገሩ ስንት አለ? በፊተኛው ገጽ ላይ አውጣው! በትልቁ!»

ወጣ፤ በትልቁ። ያን ቀን ጋዜጣችን ከፒያሳ እስከ ቸርችል ጎዳና ታች ድረስ ከሰው እጅ አልወረደም። ኬክ ቤት ገብቼ የሰማሁት ወሬ ሁሉ የፈረሱ ነበር። የድንኳኑ እንግዶች የመቶ አለቃ በላይን ዝላይ ያዩት ያኔ ነው፤ አጨበጨቡለትም፣ በሁለት ቀን ዘግይተው። ነጭ ኮት ለባሹ ዘፋኝ ቢሮአችን ድረስ መጥቶ «እኔንም አየር ላይ አንሺኝ» ብሎ ለመናት። ሙሴ ፎቶውን ከመስኮታቸው መሀል፣ ከእነዚያ ጉልበታቸውን ከያዙት ሰዎች መካከል ሰቀሉትና ከመንገዱ ማዶ ቆመው ብዙ ጊዜ አዩት። «ሬሳው ጥሩ ሠራ» አሉኝ። አስካለ ደግሞ እርሳሷን እዚያው ጓሮ ክፍል ትታ ከእኔ ፊት ለፊት ካለው ጠረጴዛ ተቀመጠች። አቶ ታፈሰ አሁን ወደ አንድ ቦታ ሲልካት ስለ ቁልፍ አያነሳም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቸርችል ጎዳና ላይ ፊታውራሪውን አገኘኋቸው። ክንዴን ይዘው ወደ ዳር ሳቡኝ።

«የልጅቷ ፎቶ ጥሩ ነው፤ ፈረሱ ግን ትንሽ ሸፈነኝ። ያ በትልቁ ካሜራ አንተ ያነሳኸውስ? እሱን ለዘመድ ልልከው እፈልጋለሁ።»

እውነቱን ታውቁታላችሁ። ሣጥኑ ባዶ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ከእውነት ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አፌን ከፈትኩና ፊታቸውን አየሁ።

«እየታጠበ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።

«ይታጠብ፣ ይታጠብ። አትቸኩልበት።»

እስከ ዛሬ እየታጠበ ነው። ፊታውራሪው ከሩቅ ባዩኝ ቁጥር መንገዱ መሀልም ቢሆን ይቆማሉ፤ ኮታቸውን ይቆልፋሉ፣ አንገታቸውን ያቀናሉ፣ ዐይናቸውን ፍጥጥ አድርገው እስካልፍ ድረስ አይነቃነቁም። እኔም እንደ መቶ አለቃ በላይ ጎንበስ ብዬ አልፋቸዋለሁ።