ጋሽ ምዕራፍ አንድ

የማታ እንግሊዝኛ በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ አንድ ዘላለማዊ ጀማሪ አይጠፋም። መምህር ይቀየራል፣ ሰሌዳው ተቀብቶ ይታደሳል፣ መጽሐፉም ሽፋኑን ለውጦ ይመጣል፤ እሱ ግን የፊት ወንበር ላይ እርሳሱን ቀርጾ ተቀምጧል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ፈልጋችሁት አታገኙትም። አዲስ ምዝገባ በተከፈተ ቁጥር ከዘበኛው ቀጥሎ በሩ ላይ የሚደርሰው ግን እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሁሉም ይስቅበታል፤ ያመሰገነው ግን እስካሁን አልተሰማም።

የኛው ጀማሪ ግንበኛ ናቸው። ዕድሜያቸው ስድሳን ከተሻገረ ቆይቷል። ሰፈሩም ክፍሉም የሚያውቃቸው «ጋሽ ምዕራፍ አንድ» በሚል ማዕረግ ነው። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፤ እሳቸው ግን እንደ ሹመት ተቀብለውታል። ከሥራ በቀጥታ ስለሚመጡ ቅንድባቸው ላይ ሲሚንቶ አይጠፋም፤ ደብተራቸው ግን በጋዜጣ ተሸፍኖ አንድ ጠብታ ያልነካው ነው። «እንግሊዝኛው መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው።

«መሠረቱ ገና አልደረቀም። መሠረቱ ሳይደርቅ ግድግዳ የሚያቆም ግንበኛ የራሱ ጠላት ነው።»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የክቡርነታቸው እንቁላል ግን እግር ያወጣና፣ ክፍሉን አንዴ ዞር ዞር ብሎ አይቶ፣ ተመልሶ ቅርፊቱ ውስጥ ይገባል። ባለቤታቸው ለጎረቤት ሲያወሩ፣ «የሌላው ባል ሚስቱን ትቶ ወደ ሌላ ሴት ይሄዳል፤ የኔው ሰውዬ ወደ ምዕራፍ አንድ ይሄዳል። ምን ብዬ ልክሰሰው?» ይላሉ።

አንዲት ልብስ ሰፊ የተመዘገበችው ይህን ሁሉ ሳታውቅ ነው። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪና ላይ እንዳጎነበሰች ወጣትነቷ አልፏል፤ አሁን ወገቧ አልታዘዝ ብሏታል። ሐኪሙ «ወይ መቀመጡን ተዪ፣ ወይ ወገብሽን ተዪ» ብሎ ቁርጡን ነግሯታል። ፋብሪካው ደግሞ የጥራት ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። ሥራው እንደ ቆሙ ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ ያለቀለትን ሸሚዝ እያገላበጡ ማየት ነው። ለወገቧ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም። ችግሩ፣ ልብሱን የሚገዙት የውጭ ሰዎች ሲመጡ ጉድለቱን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ያስፈልጋል። አለቃዋ «ሁለተኛውን ደረጃ ጨርሰሽ ነይ፣ ቦታው ያንቺ ነው» አሏት። ሁለተኛ ደረጃ! እሷ «ሄሎ» ሲሏት ላብ የሚያጠምቃት ሴት ናት።

የመጀመሪያው ማታ በሩ አጠገብ፣ ለማምለጥ በሚመች ቦታ ተቀመጠች። ክፍሉ ቀን ቀን የሕፃናት ነው፤ ወንበሩም ለሕፃን ስለተሠራ የትልልቆቹ ጉልበት ከጠረጴዛው በላይ ብቅ ብቅ ብሏል። ጋሽ ምዕራፍ አንድ ዘወር ብለው አዩዋት፤ ከጎናቸው የነበረውን የመዶሻ ቦርሳ አንሥተው መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ እዚህ ነይ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሳምንት አይቆይም። እኔ ስንቱን አይቻለሁ።»

«እዚህ ይሻለኛል፣ ጋሼ።»

«ለመጥፋት ከሆነማ እሱ ይሻላል።»

እየተግደረደረች ተነሥታ ሄደች።

የዚያን ማታ ትምህርት የዓረፍተ ነገር አሠራር ነበር። መምህርቷ የሳቸውን የመጨረሻ ልጅ የምታክል ወጣት ናት፤ እሳቸው ግን «ቲቸር፣ እርስዎ» ብለው ነው የሚያናግሯት። እሷ ሰሌዳ ላይ የጻፈችውን እሳቸው በጎን ወደ ግንባታ ቋንቋ መለሱት። ጠረጴዛው ላይ ላጲስ፣ እርሳስና ጠመኔ በተራ ደረደሩ።

«ላጲሱ ባለቤት ነው፣ እርሳሱ ተሳቢ፣ ጠመኔው ግስ። በኛ ቋንቋ ግስ ትልቅ ሰው ነው፤ ሁሉ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ይገባል። ሰውዬው ዳቦውን ይብላው፣ ይጣለው፣ ይሽጠው፣ እስከ መጨረሻው አታውቂም። እንግሊዝ ግን ትዕግሥት የለውም። ባለቤቱ በሩን ሳይዘጋ ግሱ ከኋላው ዘው ይላል።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ጠመኔውን አንሥታ መሃል ላይ አስቀመጠችው፤ እሳቸውም ግድግዳ ቀና መሆኑን እንደሚያይ ሰው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩትና «ይሁን» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማምለጫ አልነበራትም። አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ካገኟት ሰው ሁሉ እየሰማ ስለ አውቶቡሱ ዓረፍተ ነገር ያሠሯታል። ዝናብ ከጣለ ስለ ዝናቡ፣ ውሻ ካለፈ ስለ ውሻው። «ጋሼ፣ ሰው እኮ እያየን ነው» ስትላቸው «ይዩ፣ እነሱም ይማራሉ» ይሏታል። አንዳንዴ ከሩቅ ስታያቸው ሱቅ ውስጥ ዘው ብላ የማያስፈልጋትን ክብሪት ትገዛለች። እሳቸው ውጭ ቆመው ይጠብቋታል፣ ስለ ክብሪቱ ሊጠይቋት።

አንድ ማታ ስለ ወላጆቻችሁ ተናገሩ ተባለ። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ቤት መሆናቸውን ለመናገር «ማይ ማዘር አር ኤት ሆም» አለች። መምህርቷ «ኢዝ» ብላ አረመቻት። ጋሽ ምዕራፍ አንድ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ቲቸር፣ ይቅርታዎን። እናቷ እኮ ትልቅ ሴት ናቸው። ኢዝማ ለጎረምሳ ነው።»

መምህርቷ እንግሊዝኛ አንቱታ እንደሌለው አስረዳች። «ይህን ሁሉ ቃል ሲያዋጡ አንቱን ረሱት?» ብለው ተቀመጡ። ይህን ክርክር በየዙሩ ያነሡታል፣ በየዙሩም ይረታሉ። ደብተራቸው ላይ «ኢዝ» ብለው ሲጽፉ ግን ፊታቸው የሐዘንተኛ ፊት ነበር።

የመጀመሪያው ደረጃ አለቀና ሁለቱም አለፉ። እሳቸው ሁሌም ያልፋሉ፤ ካለፉ በኋላ ተመልሰው እዚያው ይመዘገባሉ። ሁለተኛው ደረጃ ከኮሪደሩ ማዶ ነው። እዚያ የሚማሩት የባንክ ሠራተኞችና የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፤ አፋቸው እንደ ስፌት መኪና ይፈጥናል። ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ አዳመጠች። አንድም ነገር ጠብ አላለላትም። ሳታንኳኳ ተመልሳ ወደ ድሮው ክፍል ስትገባ፣ ጋሽ ምዕራፍ አንድ ለአዲሱ ዙር እርሳስ እየቀረጹ ነበር።

«ጋሼ፣ ከርስዎ ጋር አንድ ዙር ልድገም ብያለሁ።»

«ቦታውስ? ወገብሽስ?»

«ቆይቶም ይደርሳል። መሠረቱ ገና አልደረቀም።»

እሳቸው መቅረጫውን አስቀመጡ። ሲቆጡ ስታያቸው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

«ይህን ቃል ካንቺ አፍ መስማት አልፈልግም። የኔ መሠረት ድሮ ደርቋል፤ አሁንማ ሊሰነጠቅ ነው። እኔም እዚያ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ልጆቹ ይስቁብኛል፣ እወድቃለሁ ብዬ ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ፎቅ ላይ ስንጠለጠል የኖርኩ ሰውዬ አንድ ክፍል ፈራሁ። እኔ ብፈራ የሚቀርብኝ የለም። አንቺ ግን ወገብሽ ነው የሚቀርብሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ማዶው በር ዞር ብላ አየች።

«ብቻዬን አልገባም» አለች።

እሳቸው ቦርሳቸውን አነሡ። «ማን ብቻሽን ግቢ አለሽ?»

ገቡ። የማዶው መምህር ገና ከመጀመሩ፣ ትናንት የሠራችሁትን ንገሩኝ አለ። ክፍሉ አንገቱን ሲደፋ ጋሽ ምዕራፍ አንድ እጃቸውን አወጡ። «የስተርዴይ አይ ጎድ ቱ ወርክ» አሉ፣ «ዌንት» ማለት ሲገባቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ሲወርድ ልብስ ሰፊዋ አየች። እሳቸው ግን አልተቀመጡም፤ ደግመው ሞከሩ፣ ደግመው ተሳሳቱ። ቀጥሎ የተጠየቀችው እሷ ነበረች። እሷም ተሳሳተች፤ ነገር ግን ከዚያ ሁሉ በኋላ ለሷ የሚተርፍ ሳቅ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ዙሩ እንዲህ አለፈ። በመጀመሪያው ደረጃ አንበሳ የነበሩት ሰውዬ እዚህ ያለፈ ጊዜ ግስ በመጣ ቁጥር ግራ ይገባቸዋል፤ «እንግሊዝ ትናንትን ለምን እንዲህ አወሳሰበው?» ይላሉ። ቢሆንም አንድ ማታ አልቀሩም፣ እጅ ለማውጣትም የቀደማቸው የለም። ልብስ ሰፊዋም ከሳቸው ቀጥላ በሰላም እየተሳሳተች፣ በሰላም እየታረመች ተማረች። ክብሪት መግዛቱንም ተወችው።

ውጤት የተለጠፈ ዕለት ስትደርስ፣ ጋሽ ምዕራፍ አንድ ኮሪደሩ ላይ ያገኙትን ሁሉ እጅ ይጨብጡ ነበር። «ልጄ አለፈች። ይቺ ናት፣ እዩዋት» ይላሉ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። የሷ ስም አለ፣ የሳቸው የለም። ደስታዋን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

«ጋሼ፣ እርስዎስ?»

«እኔማ ወድቄያለሁ። ደግሞ ደህና አድርጌ ነው የወደቅሁት።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መውደቅ የሚሉት ይኼ ነው እንዴ?» አሏት። «ያን ሁሉ ዘመን የፈራሁት ይኼን ነው? ይኸው ቆሜ የለ?»

አለቀሰች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ማዶ ባይሻገሩልኝ ኖሮ እዚያው ወንበር ላይ እቀር ነበር» አለች። ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ፈልጋ አጣች።

አሁን ቆማ ነው የምትሠራው። የመጀመሪያው የውጭ እንግዳ የመጡ ቀን ስለ አንድ ጠማማ ኮሌታ የተናገረችው ከአፏ ሲወጣ ቅጥ አልነበረውም። ደነገጠች፤ ግን ምድር አልተከፈተችም። ረጋ ብላ ደግማ ተናገረችው፣ እንግዳውም ኮሌታውን ወደ ብርሃን አንሥተው አይተው «የስ፣ የስ» አሉ። ማታ ስትተኛ ወገቧ እንደ ድሮው አያንገላታትም።

የማታው ትምህርት እንደገና ሊከፈት ሲል አንድ ነጭ ሸሚዝ በገዛ እጇ ሰፍታ ጋሽ ምዕራፍ አንድ ቤት ይዛ ሄደች። ኮሌታው ቀጥ ያለ ነው፤ የደረት ኪሱንም እርሳስ እንዲውጥ ጠለቅ አድርጋዋለች። እሳቸው ለብሰውት መስታወት ፊት ቆሙ። ባለቤታቸው ከበሩ ላይ ሆነው ከላይ እስከ ታች አዩአቸው።

«ይህን የመሰለ ሸሚዝ ለብሰህ ደግሞ ልትወድቅ ነው የምትሄደው?»

«ታዲያስ» አሉ ጋሽ ምዕራፍ አንድ፣ የላይኛውን ቁልፍ እየቆለፉ። «መውደቄ ካልቀረ አምሮብኝ ልውደቅ።»