ዘንዶ ቢመጣም ረድፉ አይቋረጥም

ሹራብ ሠሪና ጌም ተጫዋች የሚዋሹት ውሸት አንድ ዓይነት መሆኑን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? «ይቺን ብቻ ልጨርስ» ይላሉ። አንዷ ረድፏን፣ ሌላው ጦርነቱን። ሁለቱም አይጨርሱም። እንግዲህ ሁለቱ አመሎች አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን ልንገራችሁ።

አሰላ ውስጥ ግቢ የምትጋራኝ ሲስተር ሰብለ ከድሬዳዋ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። ሹራብ መሥራት ያስተማራት ብርዱ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ ላፕቶፗን ከፍታ፣ ኢተያና በቆጂ ካሉ ጓደኞቿ ጋር ዘንዶ ትገድላለች። ጌሙ ውስጥም ሥራዋ ያው ነው፤ ቁስለኛ ታክማለች።

ባለፈው እሑድ ሻይ ልጠጣ ገብቼ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ዘንዶው እሳቱን እየተፋ መጣ። የእሷ ሁለት እጅ ግን በክርና በመርፌ ተይዟል።

«ሲስተር፣ እየሞትን ነው እኮ፤ አክሚን እንጂ» አለ በስልክ ከጓደኞቿ አንዱ፣ የበቆጂው መምህር፤ እሱም ከጋምቤላ የተመደበ ምስኪን ነው።

«ረድፏ ልታልቅ ነው። መሃል ላይ ከተውኳት ትተረተራለች።»

ልብ በሉ፣ ሰው እየነደደ ነው። የነርስነት መሐላው የት ገባ? እኔ እንኳ ክሩን ልነጥቃት ምንም አልቀረኝም።

መምህሩ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትሠሪው?» ሲል ጠየቀ።

«ያንተን ኮፍያ።»

ዘንዶው እንደገና ጮኸ።

«በይ ተረጋግተሽ ጨርሺ» አለ መምህሩ። «ሞቱንስ ለምጄዋለሁ፤ ያልለመድኩት የበቆጂን ብርድ ነው።»