ክቡር ጋሼ «ምንም አይልም»

እንደ ቁጡ ሰው የሚመች ፍጡር የለም። የገዛው ዕቃ አልሠራ ካለው ይጮኻል፣ ይወረውረዋል፣ የሠራውን ሰው ዘር ማንዘር ይረግማል፤ እኛም ጉድለቱ የት እንዳለ ወዲያው እናውቃለን። ጉድ የሚሠራን ሌላኛው ነው። ፀጉር አስተካካዩ ጆሮውን ነክቶት ደሙን እየጠረገ «ምንም አይልም» የሚለው። ሾፌሩን ላለማስቸገር ሁለት ፌርማታ አልፎ ወርዶ በእግሩ የሚመለሰው። ሐኪም ፊት ተቀምጦ «ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?» የሚለው። ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባትም አባታችሁ ነው። እኔ የተዋወቅኩት ግን በሥራ ነው፤ ድንጋጤው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ሥራዬን ላስረዳ፤ ማስረዳት ደስ ይለኛል። አንድ ዕቃ ተሠርቶ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት፣ ዕቃውን አይቶት ለማያውቅ ሰው እሰጠዋለሁ። ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ፣ «በዚህ ነገር እንዲህ አድርግበት» እለዋለሁ፣ ከዚያ አፌን እዘጋለሁ። የሙያው ምሥጢር ይኸው አፍ መዝጋት ነው። ጣቱ መጀመሪያ ወዴት እንደሄደ፣ የት ላይ እንዳመነታ፣ ግንባሩ መቼ እንደተቋጠረ አንድ በአንድ እመዘግባለሁ። ሲጨርስ «እንዴት አገኙት?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱን እጽፈዋለሁ እንጂ አላምነውም። አፍ ጨዋ ነው፤ እጅ ግን መዋሸት አይችልም። ለሠልጣኞቼ ለአሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ ነው።

ባለፈው ዓመት እቤት የሚቀመጥ የደም ግፊት መለኪያ መጣልን። ክንድ ላይ የሚጠመጠም ጨርቅ፣ ቁጥር የሚያሳይ መስኮትና ሁለት ቁልፎች አሉት፤ ሌላ ነገር የለውም። ለሙከራ ከጠራናቸው አሥራ ሁለት ሰዎች ስድስተኛው ክቡርነታቸው ነበሩ። ጡረታ የወጡ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ናቸው፤ ሠላሳ አራት ዓመት የሰው በር እያንኳኩ ቁጥር አንብበው ጽፈዋል። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ጋሼ፣ እስቲ ግፊትዎን ይለኩበት።»

ጨርቁን በወፍራሙ ኮት ላይ ጠመጠሙት። የእኔን ፊት ሰረቅ አድርገው አዩና ፈትተው የእጃቸው አንጓ ላይ አሰሩት። እንደገና አዩኝ። አሁንም ደስ ያለኝ አልመሰላቸውም መሰለኝ፣ ጉልበታቸው ላይ አሰሩት። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ እንዲህ ሆኑ። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይንቆረቆራል።

«እንዴት አገኙት?» አልኩ በመጨረሻ።

«በጣም ጥሩ ነው!»

«ያስቸገረዎት ነገር የለም?»

«ምንም አይልም።»

«ቁጥር እኮ አላሳየዎትም፣ ጋሼ።»

«ባያሳይስ? ገና አዲስ አይደል እንዴ፤ ይለምዳል።»

ለራሱ የሚያዝን ሰው፣ በእኔ የሚናደድ ሰው በብዛት አይቻለሁ። ለማሽን የሚራራ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ጨርቁ ላይ የክንድ ሥዕል አተምንበትና ሁለተኛው ሙከራ ተጀመረ፤ ዕቃው ስምንት ሳምንት በሰዎቹ ቤት ይቆያል። ክቡርነታቸው የግፊት መድኃኒት ስለሚወስዱ ለራሳቸውም ይጠቅማቸዋል ብዬ ወሰድኩላቸው። እንግዳ መቀበያቸው ውስጥ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ በገዛ ክንዴ ላይ ለክቼ አሳየኋቸው። ቁጥሩ 118 በ76 ሆነ።

«ገባዎት?» አልኩ። ይህን ጥያቄ ለሠልጣኞቼ እርም ያደረግኩት እኔው ነኝ።

«በደንብ!»

ባለቤታቸው በበሩ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ይሄን ሰውዬ ገባህ ወይ ብለህ ትጠይቃለህ? አንድ ቁጥር የጠበበው ጫማ አራት ዓመት ያደረገ ሰው እኮ ነው፤ 'ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው' እያለ!»

«ጨዋ ነበራ» አሉ ክቡርነታቸው።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እደውልላቸው ነበር። «መለኪያው እንዴት ነው ጋሼ?» «ኧረ ግሩም ነው!» «ግፊቱስ?» «ተመስገን፣ እንደ ጎረምሳ!» ስልኩን ስዘጋ ልቤ ሞቅ ይላል። አለቃዬ ሪፖርቱን አንብቦ «እንዲህ ያለ ደስተኛ ተጠቃሚ አይቼ አላውቅም» አለ። ሙከራው እንዳበቃ ካለው ሰኞ ጀምሮ ፋብሪካው በብዛት ማምረት እንዲጀምር ተወሰነ።

በስምንተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ዕቃውን መልሼ ልወስድ እቤታቸው ሄድኩ። በየጠዋቱ ልኬቱን የመዘገቡበትን ደብተር በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። በማስመሪያ ተሰምሯል፣ ቀኑና ሰዓቱ አንድም አልተዛነፈም፣ የእጅ ጽሑፋቸው እንደ ማተሚያ ቤት ነው። ገለጥኩት። 118 በ76። ቀጣዩም ቀን 118 በ76። ገጹን ገለበጥኩ። ሃምሳ ስድስት ጠዋት፣ ሃምሳ ስድስት ጊዜ 118 በ76።

ደብተሩን መልሼ ሰጠኋቸው።

«ጋሼ፣ እስቲ አሁን እፊቴ ይለኩልኝ።»

ተቀመጡ። ጨርቁን በትክክል፣ በባዶ ክንዳቸው ላይ ጠመጠሙት። ትልቁን አረንጓዴ ቁልፍ ተጫኑ። ጨርቁ አልተነፋም። መስኮቱ ላይ 118 በ76 ብልጭ አለ። ክቡርነታቸው ቁጥሩን አጎንብሰው አነበቡ፣ በጥንቃቄ ጻፉ፣ ደብተሩን ዘጉ።

ትልቁ አረንጓዴ ቁልፍ አይለካም። የመጨረሻውን ልኬት የሚያስታውስ ቁልፍ ነው። የሚለካው ጥግ ላይ ያለው፣ የምስር ፍሬ የሚያክለው ግራጫ ቁልፍ ነው። ያን ግራጫ ቁልፍ እዚያ ቤት ውስጥ የነካው ሰው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ፤ ያውም አንድ ጊዜ። ሰውየው ስምንት ሳምንት ሙሉ ሲመዘግቡ የቆዩት የእኔን የደም ግፊት ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ለሐኪም አሳይተውታል?»

«እንዴታ! ዶክተሯ እንዴት ደስ እንዳላት ብታይ! መድኃኒቱን በግማሽ ቀነሰችልኝ።»

ቆሜ ነበርና ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ከዚያ በሚያውቁት መንገድ ለማስረዳት ሞከርኩ።

«ጋሼ፣ ሥራ ላይ ሳሉ አንድ ቆጣሪ ሁለት ወር ሙሉ ንቅንቅ ባይል ምን ይላሉ?»

አፍታም አላሰቡ። «ወይ ቤቱ ባዶ ነው፣ ወይ ቆጣሪው ሞቷል።»

«ታዲያ ይሄኛው?»

ባርኔጣቸውን አንስተው በጣቶቻቸው ያሽከረክሩት ጀመር። «እሱማ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በሦስተኛው ቀን ገብቶኛል።»

«ምን?» አሉ ባለቤታቸው ከበሩ።

«ጨርቁ አልነፋ ሲል መጀመሪያ የደከመው መስሎኝ ነበር፣ አላስጨነቅኩትም። ኋላ ቁጥሩም አልንቀሳቀስ አለ። ሞቷል አልኩ።»

«ታዲያ በየሳምንቱ ስደውል ለምን አልነገሩኝም?» ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኸ።

«እንዴት ብዬ ልጄ? እጅጌህን ሰብስበህ፣ ያን ሁሉ ለፍተህ፣ ፊትህ በርቶ ሰጥተኸኝ፣ መልሼ መርዶ ልንገርህ?»

«ዶክተሯስ?»

«እሷማ አጨበጨበች! የሚያጨበጭብ ሰው እጁ ይያዛል እንዴ?»

«በይሉኝታ ልትሞትብኝ ነበር እኮ!» አሉ ባለቤታቸው። ሁለት እጃቸው ራሳቸው ላይ ነው። «ሰው በበሽታ ይሞታል፣ በመኪና ይሞታል፤ አንተ የሰው ልጅ እንዳይከፋው ብለህ!»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ልጁ ይሰማል።»

ልጁ እኔ ነኝ። ሰምቻለሁ። ክንዳቸውን ያዝኩና ግራጫውን ቁልፍ ተጫንኩ። ጨርቁ ጉርር ብሎ ተነፋ፣ ቀስ ብሎ ተነፈሰ። 182 በ107።

ክቡርነታቸው ቁጥሩን አዩት፣ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩት፣ ከዚያ ፊታቸው በራ።

«ተንቀሳቀሰ! አየህ፣ አልሞተም! እንኳን ደስ ያለህ!»

በመቶ ሰማንያ ሁለት ግፊት እኔን እንኳን ደስ ያለህ ይሉኛል! ኮሪደር ላይ ወጥቼ ለአለቃዬ ደወልኩ።

«የሰኞው ምርት ይቁም» አልኩት።

«ወደውታል አላልክም እንዴ? ያ ደስተኛው ሰውዬስ?»

«ወድደውታል። ሲለካ የከረመው ግን እኔን ነው።»

እስኪገባው ድረስ አስረዳሁት። በመጨረሻ «ትልቁ ቁልፍ ይለካ፣ ማስታወሻው ጥጉን ይያዝ» ብሎ ዘጋው። በቃ፣ ይኸው ነው። አሥራ አንድ ሰዎች ግራጫውን ቁልፍ ሳይቸገሩ አግኝተውት ነበር። ያ ጉድለት ከሁለት ሺህ ሰው ቤት ሳይገባ የተያዘው በእሳቸው ነው። ደግሞም እውነቱን ልናገር፤ ስምንት ሳምንት ሄጄ እጃቸውን ማየት ሲገባኝ ስልክ ስደውል የከረምኩት፣ «ግሩም ነው» የሚለው ድምፃቸው ስለጣፈጠኝ ነው።

ታክሲ ይዘን ሦስታችንም ሐኪም ቤት ሄድን። ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክቡርነታቸው ደረጃውን ሲወጡ ሦስት ጊዜ ቆመው ግድግዳ ተደገፉ። በየጊዜው ምክንያት ነበራቸው፤ አንዴ የጫማ ማሰሪያ፣ አንዴ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ አንዴ «እናንተ እንዳይደክማችሁ ብዬ ነው።»

ዶክተሯ ወጣት ናት። ስታያቸው ሳቀች።

«ጋሼ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ አንቺስ?»

«ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የሚያስቸግርዎት ነገር?»

«ምንም አይልም።»

እስክሪብቶዋን አንስታ ያን ልትጽፍ ስትል ከወንበሬ ተስፈንጥሬ ተነሣሁ።

«ዶክተር፣ እባክዎ አይስሟቸው! ይዩዋቸው!»

ባለቤታቸው በመሐረባቸው አፋቸውን ይዘዋል። ዶክተሯ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ተነሣች፣ ኮታቸውን አስወልቃ የራሷን መለኪያ ጠመጠመችላቸው፣ አዳመጠች፣ ደግማ አዳመጠች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ስለ አረንጓዴው ቁልፍ እየተንተባተብኩ ስነግራት አልጠበቀችም፤ ነርስ ልትጠራ በፈጣን እርምጃ ወጣች።

በሩ ሲዘጋ ክቡርነታቸው ወደ እኔ ዘንበል አሉ። ከንፈራቸው ተሰብስቧል፣ ቅንድባቸው ወርዷል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይሄ ጥሩ አይደለም። ልጅቷን አስደነገጥካት።»

ከተዋወቅን ጀምሮ ከክቡርነታቸው አፍ የሰማሁት የመጀመሪያ ቅሬታ ነው። ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጽፌ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬበት፣ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ።