የጋሽ በቀለ ዘይት

ለሽጉጥ ግራሶ ይሻላል ወይስ ዘይት እያለ የሚብሰለሰል ጎረቤት አላችሁ? እኔ አለኝ። ለቡ መጋዘን ይጠብቁ የነበሩት ጋሽ በቀለ ጡረታ ሲወጡ፣ ጥይቱን በራሱ የሚጎርሰውን ሽጉጣቸውን አስረክበዋል፤ ሐሳባቸውን ግን ማን ይረከባቸው?

«አዲሱ ጠባቂ ግራሶ ለቅልቆት ይሆን?» ይሉኛል በየጠዋቱ። «ይሄ የግንባታ አቧራ ይጣበቅበታል እኮ! ጠብታ ዘይት ነበር የሚበቃው።»

«ጋሽዬ፣ ለሚስትዎ ለእትዬ እንኳ እንዲህ አልተጨነቁም!»

«እሷማ ቤት አለች።»

በተረፋቸው ዘይት የሰፈሩን በር ሁሉ ስላለሰለሱት ሌባው ሳይቀር ይመርቃቸዋል። የራሳቸው በር ብቻ እንደ አህያ ያናፋል።

«ይሄንንስ ለምን አይቀቡትም?» አልኳቸው።

«ምናልባት ሽጉጤን መልሰው ካመጡልኝ፣ ሲገቡ ልስማ ብዬ ነው» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ።