የሴኞሪታ ኤርሲሊያ ዋቢዎች

የሳይንስ መጽሔት ባለበት አገር ሁሉ፣ ጽሑፍን ከጅራቱ ማንበብ የሚጀምር አንድ ሰው አይጠፋም። ስንት ዓመት ለፍታችሁ ያገኛችሁትን ነገር ወደ ጎን ገፋ ያደርግና መጨረሻው ገጽ ላይ የተደረደሩትን ዋቢዎች ያነሳል። ማን ጻፈው? መቼ? የት ታተመ? ስንተኛ ገጽ? አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከጎደለች ፊቱ ልክ እንደ ሐዘንተኛ ይጨልማል። እንዲህ ያለ ሰው አልገጠመኝም የሚል ተመራማሪ ካለ፣ ወይ ምንም አልጻፈም ወይ ይዋሻል።

የእኛ የቱኩማን ከተማ ሰዎቹ ክብርት ወይዘሪት፣ በእኛ አጠራር ሴኞሪታ፣ ኤርሲሊያ አርጋኛራስ ነበሩ፤ የግብርና ፋኩልቲው መጽሔት አራሚ፣ የዋቢዎች ጠባቂ፣ የነጥብና የሰረዝ እመቤት። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው የሚያውቅ የለም፤ ሊያነሳቸው የደፈረም የለም። ስንቱ ዲን መጣ፣ ስንቱ ሄደ፣ መንግሥትም እንደዚያው። እሳቸው ግን ቀይ እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው፣ ማቴ የሚባለውን የቅጠል ሻያቸውን በቀጭኗ ቧንቧ እየመጠጡ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛቸው ንቅንቅ አላሉም።

ሕጋቸው አንዲት ነበረች፦ «ዓይኔ ያላየውን እጄ አያሳልፍም።» የጠቀስከውን ሁሉ ተሸክመህ ትመጣለህ ማለት ነው። እሳቸው ገጹን ገልጠው፣ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየጎተቱ ያመሳክራሉ። አንድ ባልደረባችን አንዴ እልህ ይዞት መጻሕፍቱን በሸንኮራ አገዳ ጋሪ ጭኖ ግቢ ገባ። ተማሪው ሁሉ ወጥቶ ሳቀ። ሴኞሪታ ግን በመስኮት ብቅ ብለው ጋሪውን ቃኙና «አንዱ ይጎድላል» ብለው ተመለሱ። እውነትም አንዱን ቤቱ ረስቶት ነበር።

ጸሐፊዎቹ ብዙ ሲሆኑ የመጀመሪያውን ስም ብቻ አስቀምጦ «እና ሌሎች» ብሎ ማለፍ የዓለም ልማድ ነው። እሳቸው ዘንድ አይሠራም። ዲኑ ራሳቸው አንድ ቀን ይህችን «ሌሎች» ይዘው ቢመጡ፣ ሴኞሪታ ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው አዩዋቸውና፣ እነዚህን ሌሎች የሚሏቸውን እናት አልወለደቻቸውም ወይ ብለው ጠየቁ። ዲኑ ሄደው የሁሉንም ስም ጽፈው መጡ።

ከቢሮ ውጭም ዕረፍት የላቸውም። ሥጋ ሻጩ ጥጃው ከትራንካስ የግጦሽ አገር የመጣ ነው ቢላቸው «ማን ነገረህ?» ነው መልሳቸው። ጎረቤታቸው የአያቴ አሠራር ነው ብላ ኤምፓናዳ፣ ያቺን ሳምቡሳ መሳይ የሥጋ ጥቅል፣ ስታቀርብላቸው፣ አያትየዋ ከማን እንደተማሩ ሳይጣራ አይቀምሱም ይባል ነበር። ይሄ እንኳ ሐሜት ነው፤ ሲበሉ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀብር ላይ ግን ቄሱ «አንድ ቅዱስ እንዳለው» እያሉ ሲሰብኩ፣ ሴኞሪታ ሬሳው እስኪወርድ ታግሰው ጠጋ አሉና የትኛው ቅዱስ፣ በየትኛው መጽሐፍ ብለው አፋጠጧቸው። ከዚያ ወዲህ ቄሱ ከራሳቸው አንደበት ብቻ መስበክ ጀመሩ። ስብከቱም አጠረልን።

በእኔ የደረሰ ጊዜ ግን ሳቁ ጠፋኝ። የሎሚ ችግኝን በሌላ ዛፍ ግንድ ላይ አጣብቆ ከሥር መበስበስ ስለማዳን ጽፌ ነበር። ፋኩልቲው ውስጥ አንድ የመምህርነት ቦታ ተከፍቶ ውድድሩ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ጽሑፌ ሊታተም ተቀባይነት አግኝቷል የሚል ወረቀት ካላቀረብኩ ቦታው አለፈኝ። ባለቤቴ ኔሊዳ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር፤ የምንኖረውም በአባቷ ጋራዥ ውስጥ፣ ከአሮጌ ጎማ ጋር ተጋፍተን ነው።

ሴኞሪታ ዋቢዎቼን ሁሉ አሳልፈው አንዱ ላይ ቆሙ። ኒካኖር ሳያጎ የሚባል ሰው እኔ ልጅ ሳለሁ የጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ግንድ የማጣበቅ ዘዴውን የተማርኩት ከእሱ ነበር። በደንብ አንብቤዋለሁ፤ ካነበብኩት በኋላ ግን የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ አፍስሶ ብቸኛው ቅጂ በስብሶ ተጣለ። እንግዲያው እናውጣው አልኳቸው። አንድ ዋቢ ቢቀር ማን ያውቃል? ሳያጎንስ ማን ያስታውሰዋል?

እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ስማኝ ልጄ፣ ዘዴውን ከሰውየው ወስደህ የሰውየውን ስም ልትጥል? የዚህ ስሙ ሌብነት ነው።»

ይህን ብለው ጽሑፌን መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። ማክሰኞ ነበር።

በማግስቱ ጠረጴዛቸው ባዶ ሆነ። ሥራ ቀርተው የማያውቁት ሴት ቀሩ። ሐሙስም የሉም። ታመው ነው ያለ አለ፤ በስተርጅና አገቡ ያለም አልጠፋ። እኔ መሳቢያውን ልስበረው ወይ እያልኩ ኮሪደሩን ስዞር ዋልኩ፤ ያልረገምኳቸው እርግማን የለም። ኔሊዳ ብቻ፣ ሴትየዋ አንተን አትጎዳም አለችኝ። አንቺ ምን ታውቂያለሽ ብያት ተኳርፈን አደርን።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ሴኞሪታ ጫማቸው አቧራ እንደለበሰ፣ የጉዞ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ገቡ። ለካ ኮርዶባ ከተማ ደርሰው መምጣታቸው ነው! ከቱኩማን ወጥተው የማያውቁ ሰው፣ ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ሄደው፣ ከሰው ሰው እየጠየቁ ኒካኖር ሳያጎን አግኝተውታል። ሳይንሱን ከተወው ቆይቷል፤ ብሎንና ምስማር ይሸጣል። ያለችውን አንዲት ቅጂ ከአልጋው ሥር አውጥቶ ሰጥቷቸዋል።

ቅጂዋን ጠረጴዛው ላይ ገለጡ። እኔ ፊትም ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እንደገና ጎተቱ፣ መሳቢያውን ከፈቱ፣ የተቀባይነቱን ወረቀት ፈረሙልኝ።

«ገጹ ልክ ነው» አሉኝ። በቃ። ያን ሁሉ መንገድ ሄደው አንዲት ስህተት እንኳ አላገኙም፤ እንዲያውም ትንሽ ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ወረቀቱን ይዤ ልሮጥ ስል በሩ ላይ አስቆሙኝ። «ሳያጎን ‹ጽሑፍህን የጠቀሰ ልጅ አለ› ስለው ምን እንዳደረገ ልንገርህ? ሱቁን ዘጋ። ሚስቱን ከጓዳ ጠራት። ‹ለእሷም ይድገሙላት› አለኝ።»

ቦታውን አገኘሁ። ዕድሜ ለእሳቸው፣ ልጆቼን በራሴ ቤት አሳደግኩ። ሴኞሪታ ካረፉ ግን ብዙ ጊዜ ሆነ፤ ይናፍቁኛል፤ ቀይ እርሳሳቸው እንኳ ይናፍቀኛል። ዛሬ ኮምፒዩተሩን አንዴ ጫን ሲያደርጉት ዋቢው ራሱ ተደርድሮ፣ ሰረዙ ሰረዝ፣ ነጥቡ ነጥብ ሆኖ ቁጭ ይላል። የሚያምር ነው፣ አልዋሽም። ያየኸው ነገር ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። የጻፍኳቸው ጽሑፎች የሆነ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣሉ። አንዳንዴ ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ የበራችን ደወል ይጮኻል። ኔሊዳ ጋዝ ሻጩ ነው፣ ተወው ትለኛለች። ጋዝ ሻጩ እንደሆነ እኔም አላጣሁትም። ግን ማን ያውቃል፣ አንዲት አቧራ የለበሰች ሴት ገጽ ልታመሳክር መጥታ ቢሆንስ እያልኩ፣ ሸሚዜን እስከ አንገቴ ቆልፌ ነው የምከፍተው።