ክቡር ረፈደ ከክንፉ ሥር

ሥራ ባለበት ሁሉ፣ ራሱ አንዲት ብሎን ሳያጠብቅ የሚያጠብቀውን ሰው የሚያጣድፍ አንድ ባለሰዓት አይጠፋም። ባንክ ብትሄዱ አለ፣ ማተሚያ ቤት አለ፣ መናኸሪያማ ሞልቷል። ከሁሉም የሚከፋው ግን አሥራ ሁለት ሰው በምትጭን አውሮፕላን ክንፍ ሥር የሚገኘው ነው። የሌላው ጥድፊያ ቢበዛ ወረቀት ያበላሻል፤ የዚህኛው ከሰማይ ያወርዳል።

ለዚህች አውሮፕላን ካፒቴን የደረሳት ይኸኛው ነው። በወረቀት የጣቢያ ኃላፊ ይባላሉ፤ ዞር ሲሉ ግን ጥበቃው ሳይቀር «ክቡር ረፈደ» ነው የሚላቸው። ጠዋት ጠዋት ክቡርነታቸው በተወለወለ ጫማ ሜዳው ላይ ይሰየማሉ። እሷ ጎማ ስትዳብስ ከኋላዋ፣ የክንፉን ጠርዝ በእጇ ስትከተል ከጎኗ፣ ስትንበረከክ ከአናቷ በላይ ናቸው። የሰዓታቸውን መስታወት በጥፍራቸው ቀጭ ቀጭ እያደረጉ፣ «ካፒቴንዬ፣ ረፈደብን!» ይላሉ። መነሻው አርባ ደቂቃ ሲቀረውም ረፍዷል።

አንድ ቀን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላ ብትተርትባቸው፣ «እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ተሳፋሪ አይጠብቅም!» አሏት።

እውቀታቸውም ለጉድ ነው። ሚዛን ጊዜ ይፈጃል ብለው ተሳፋሪውን በዓይናቸው ይመዝናሉ። አንዴ በሩ የጠበባቸውን ሰውዬ «ስልሳ ኪሎ» ብለው ጻፉ። ካፒቴኗ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ፣ «ጋሼ፣ የእኚህ ሰው ግራ እግር ብቻ ስልሳ ይሆናል» ብትላቸው፣ «ሰውን በሰው ፊት ማሳቀቅ ነውር ነው» ብለው ገሠጿት። ሰውየው እስኪመዘኑ ያለፈውን ጊዜም በእሷ ስም «መዘግየት» ብለው አሰፈሩ። ሌላ ጊዜ የፊቱ ጎማ ተበልቶ ልሙጥ ሆነ። ክቡርነታቸው በጫማቸው ጫፍ ሁለቴ መታ መታ አደረጉትና «ይሄማ ከእኔም ዕድሜ ይተርፋል» ብለው ፈረዱ። ካፒቴኗ አልበርም አለች፤ መካኒኩ ጎማውን ቀየረ፤ እሳቸው ሁለተኛውን «መዘግየት» ጻፉባት። በድርጅቱ ደንብ ሦስተኛው ያሰናብታል።

ዶፍ ሲጥል አድሮ ባነጋበት አንድ ማክሰኞ፣ ካፒቴኗ እንደ ልማዷ ክንፉ ሥር ተንበርክካ ከታንኩ ግርጌ በትንሽ ብርጭቆ ነዳጅ ቀዳች። ውሃ ከነዳጅ ይከብዳልና ከገባ ታች ይዘቅጣል፤ ምርመራው ለዚሁ ነው። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳችው። ከሥሩ አንድ ጣት ያህል ውሃ ተኝቷል።

ክቡርነታቸው አሥር ተሳፋሪ ጭነው ጨርሰዋል።

«ላብ ነው» አሉ ከሩቅ አይተው።

«የማን ላብ?»

«የ... የብረቱ! ብረት ሲበርደው ያልበዋል። ተነሺ ካፒቴንዬ፣ ረፈደብን!»

«ጋሼ፣ ይሄ ሞተሩ ውስጥ ከገባ ገና ከመሬት እንደተነሳን ያጠፋብናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛን ግን የሚለቅመን ሌላ ሰው ነው።»

ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ። መካኒኩ ከታንኩ ደጋግሞ አፈሰሰ። የሚቀዳው ነዳጅ ንጹሕ እስኪሆን ሁለት ሰዓት ሄደ። ክቡርነታቸው ያን ሁሉ ጊዜ ከመስኮት መስኮት እንደታሰረ ዶሮ ሲንቆራጠጡ ቆዩ።

ካፒቴኗ ወረቀት ልታስፈርም ወደ ቢሯቸው ስትሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። ከትልቁ አለቃ ጋር በስልክ እያወሩ ነው።

«ያስቆምኩት እኔ ነኝ ጌታዬ» ይላሉ ደረታቸውን ነፍተው። «ካፒቴኗማ ሞተር ልታስነሳ ነበር! አይሆንም አልኩ። አዎ፣ በእኔ ይጻፍ።»

ደሟ ፈላ። ወረቀቱን እንደያዘች ሜዳውን ሁለቴ ዞራ ወደ መካኒኩ ተመለሰች።

«ውሃውን ያገኘሁት እኔ፣ ክብሩ ለእሳቸው! እኔንማ ጭራሽ ግዴለሽ አደረጉኝ!»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «የምን ክብር? መዘግየቱ በስማቸው ተጽፎ ለሳምንት ታገዱ እኮ፤ ጥበቃው አሁን ነገረኝ። ሦስተኛው ባንቺ ስም ቢጻፍ ዛሬ ዕቃሽን ትሸክፊ ነበር።»

«ሁለቱንስ የጻፈብኝ ማን ሆነና!»

«እሱማ እሳቸው ናቸው» አለ መካኒኩ።

ከረቡዕ ጀምሮ ሜዳው ጸጥ አለ። ተተኪው ረጋ ያለ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። «እንዳመቸሽ ካፒቴን፣ ማን ያባርረናል?» ይላል። ካፒቴኗ በሰላም መሥራት እንዲህ ነው ለካ አለች።

በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ተሳፋሪው ገብቶ በሩ ተዘጋ። እሷም መቀመጫዋ ላይ ሆና የምርመራውን ዝርዝር ፈረመች። ፀጉሯን ልትሰበስብ እጇን ወደ ፊቷ ስታነሳ የነዳጅ ሽታ የለውም። መዳፎቿን ገልብጣ አየቻቸው። ደረቅ ናቸው።

ክንፉ ሥር አልሄደችም። ሳትቀዳ ነው «ታይቷል» ብላ የፈረመችው። ማንም አላጣደፋትም፤ ከተተኪው ጋር ስለ ዝናቡ እየተጨዋወተች ሳለ እግሯ በቀጥታ ወደ መሰላሉ ወስዷታል። ያኔ ገባት። ስንት ዓመት ክንፉ ሥር ስትንበረከክ ጥንቃቄ ነው የምትለው፣ ግማሹ እልህ ኖሯል። እኚያ ሰውዬ «ተነሺ» ባሏት ቁጥር እንደገና ትቀዳ ነበር።

በሩን አስከፍታ ወረደች፤ ቀዳች። ንጹሕ ነው። እዚያው እንደተንበረከከች ለክቡርነታቸው ቤት ደወለች። ያነሱት ባለቤታቸው ናቸው።

«እትዬ፣ ጋሼ መቼ ነው የሚመለሱት?»

«የኔ እናት፣ ዛሬውኑ ውሰጂልን! ልጆቹ ፊታቸውን ሲታጠቡ እንኳ ከኋላቸው ቆመው ‹ረፈደ!› ነው። ረቡዕ ተብለዋል። ምነው፣ ችግር አለ?»

«ኧረ ምንም የለ» አለች ካፒቴኗ። «ሜዳው ጭር አለብኝ፣ ለዚያ ነው።»

ስልኩን ዘጋች። ረቡዕ ገና አራት ቀን ይቀረዋል። ተሳፋሪዎቹ በየመስኮታቸው እያዩዋት፣ ማንም ምንም ሳይላት፣ ዞራ ሁለተኛው ክንፍ ሥር ተንበረከከች።