ወይዘሮ ሮማነወርቅ ወደ ሸክላው ፍጥረት የዘመቱበት ቅዳሜ

ዲቪ ደርሷቸው ሲያትል በገቡ በአራተኛው ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ዝናብ በነገሠበት በወርኃ ኅዳር፣ የሃሴት እናት፣ የኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር እመቤት፣ የጎልማሶች ትምህርት ፈርጥ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ለዘመቻ ተነሡ። መምህርት ሳሌም በክፍሉ ፊት እንዲህ ብላ አስነግራ ነበርና፦ «ሙዚየም ውስጥ የጥንት አሜሪካ ሰዎች የሠሩት ጥበብ አለ። ሄዳችሁ አንድ ጽሑፍ ለብቻችሁ አንብቡ። ልጆቻችሁ እንዳይነግሯችሁ!» የመድኃኒቱንም፣ የትምህርት ቤቱንም፣ የአውቶቡሱንም ጽሑፍ ለወይዘሮ ሮማነወርቅ ስታነብላቸው የኖረችው ግን ልጃቸው ሃሴት ነበረች።

ወእምዝ ረፋድ ላይ በባቡር ዘመቱ። ከፊት እሳቸው፣ ቀጥሎ ጃንጥላቸው፣ ብርድ ቢመጣ የተያዘው ሹራብ፣ ሹራቡ ቢረጥብ የተያዘው ሌላ ሹራብ፣ ረሃብ ቢመጣ በፌስታል የተቋጠረው ዳቦ፤ ከሁሉ ኋላ ራቅ ብላ፣ የማታውቃቸው መስላ ሃሴት ተከተለች። እርሷም ዐወጀች፦ «እማዬ፣ ፕሊስ፣ እዚያ ውስጥ እንዳትጮኺ! ኦኬ? ሰው ያየናል!»

ከሙዚየሙ አዳራሽ ደጃፍ በደረሱ ጊዜ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ፣ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የጥንቱ ዕቃ በመስታወት ውስጥ በክብር ተቀምጦ ቢያዩ፣ ልማድ ከሐሳብ ቀደመና ጫማቸውን አወለቁ፤ ስካርፋቸውን እንደ ነጠላ አጣፍተው፣ ጫማውን ከግድግዳው ሥር አሰልፈው፣ በካልሲ ገቡ። ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ በእንግሊዝኛ ዐወጀ፤ ሃሴትም ፊቷን በስልኳ ሸፍና ተረጎመች፦ «ጫማሽን አድርጊ ነው የሚልሽ። እማዬ፣ ቸርች አይደለም!»

በዚያች ሰዓት የተማሩት ፊደል ሁሉ እንደ ተበተነ ሠራዊት ሸሸ። አንዱን ጫማ አድርገው ሁለተኛውን በእጃቸው እንደ ያዙ ግን፣ ከጥንት ሜክሲኮ የመጣ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ጆሮውን ያቆመ ቀይ ሸክላ ከፊታቸው ቆሞ አዩ። ከሥሩ የተጻፈውንም፣ መስታወቱን እንዳይነኩ እየተጠነቀቁ፣ በጣታቸው ተከተሉ፤ ዲ፣ ኦ፣ ጂ። ላብ አጠመቃቸው። ከዚያም ዐወጁ፦ «ዶግ! ውሻ ነው! ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የምናባርረው! ለእሱ ነው እንዴ ጫማዬን ያወለቅሁት?»

ሃሴትም የራሷን አዋጅ ራሷ ሻረች፤ በአዳራሹ መካከል እየዘለለች ጮኸች፦ «እማዬ አነበበች! ማንም አልነገራትም! ሺ ሬድ ኢት!» ዘበኛውም ዳግመኛ ሮጠ።

እነሆ፣ በአንድ እግር ጫማና በአንድ እግር ካልሲ ቆመው ሦስት ፊደል የማረኩ፣ ራቅ ብላ የተከተለቻቸውን ልጅ በመልሱ ባቡር ከጎናቸው ያስቀመጡ፣ በመስኮት ያለፈውን ጽሑፍ ሁሉ እስከ ኮሎምቢያ ሲቲ እየቆጠሩ ያነበቡላት ወይዘሮ ሮማነወርቅ ስማቸው ከፍ ከፍ ይበል!